ደላላና መጋቢ

ጉለሌ ውስጥ ከወላጆቼ በወረስሁት አነስተኛ ቤት የውጭ በር ላይ «የሚከራይ ቤት» የሚል ወረቀት በገዛ እጄ ጽፌ የለጠፍሁ ዕለት ጎረቤቶቼ በሐዘኔታ ዓይን ተመለከቱኝ፤ ምክንያቱም በአዲስ አበባ በቆየው ልማድ ባለቤት ቤቱን ማከራየት ሲፈልግ ከአስፋልቱ ዳር በሱቅ ጥላ ሥር ለሚቀመጡት ደላሎች አንድ ቃል ይናገራል፣ እነርሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ተከራይ ይዘውለት ይመጣሉ እንጂ፣ ራሱ በሩን እየከፈተ የማያውቀውን እንግዳ ሁሉ ሲያነጋግር አይውልም። እኔም ከዚያ ቀደም ሁለት ጊዜ ይህንኑ ልማድ ተከትዬ ነበር። የመጀመሪያው ተከራይ በዘጠነኛው ወር ለቀቀ። ሁለተኛው ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ቁም ሣጥኑንና ፍራሹን አይሱዙ ላይ ሲያስጭን ደርሼ፣ «ምን ጎደለብህ? ምንስ በደልሁህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ እያፈረ «ኧረ ምንም አልጎደለብኝም ጋሼ፤ ያ ልጅ የተሻለ ቤት አገኘሁልህ ስላለኝ ነው» አለኝ። ያ ልጅ ያለው ወደ እኔ ያመጣውን ደላላ ነው። ደላላውም በዚያው ምሽት ሌላ ተከራይ አስከትሎ በሬን አንኳኳ።

ይህን የምተርከው በድለላ የሚተዳደረውን ሰው ሁሉ ለመንቀፍ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በፀሐይና በዝናብ ቆሞ የሚያገኘው የላቡ ዋጋ ነው። ነገር ግን የእንጀራው ምንጭ ከየት እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። ደላላ ዋጋውን የሚቀበለው አከራይና ተከራይ በሚዋዋሉበት ዕለት ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱ ተስማምተው አምስት ዓመት በሰላም ቢኖሩ ለእርሱ ምንም አይተርፈውም፤ በየዓመቱ ቢለያዩ ግን በየዓመቱ ከሁለቱም እጅ ይቀበላል። አከራይም ተከራይም ጥቅማቸው በመጽናት ሲሆን የአገናኙ ጥቅም በመፈራረሳቸው ላይ የቆመ ነው፤ ይህም ከሰውየው ጠባይ የመጣ ሳይሆን ከክፍያው ሥርዓት የተወለደ ጉድለት ነው።

ወደ ወረቀቴ ልመለስ። ከተለጠፈ በሦስተኛው ቀን አንዲት ነርስ አረጋዊት እናትዋን ደግፋ መጣች። እናቲቱ ሳሎኑን ከማየታቸው በፊት ወደ ግቢው ቧንቧ ሄደው ከፈቱት፣ መዳፋቸውን ከሥሩ ዘርግተው ጥቂት ጠበቁና «ውኃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል ልጄ?» አሉኝ። ሁለት ቀን እንደሆነ፣ እርሱም አንዳንዴ ሌሊት ብቻ እንደሚመጣ ነገርኋቸው። ቀጥለው የመብራት ቆጣሪው የብቻ ነው ወይስ የጋራ፣ ምጣድ ቢጣድ ይችላል ወይስ ይቆርጣል፣ በሌሊት ተረኛ የሆነች ልጃቸው ስትገባ ስትወጣ በሩን የሚከፍትላት ማነው እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ እኔ ስለ እነርሱ ያወቅሁትን፣ እነርሱም ስለ እኔ ያወቁትን፣ ማናቸውም አገናኝ በአንድ ወር ሊነግረን አይችልም ነበር፤ የቤቱን ጉድለት አስቀድመው ያወቁ ሰዎች ደግሞ በኋላ በዚያው ጉድለት አይጣሉም። ስድስት ዓመት ኖሩ። እናቲቱ ባረፉ ጊዜ ድንኳኑ የተተከለው በዚያው ግቢ፣ በዚያው ቧንቧ አጠገብ ነበር።

እንግዲህ ባለቤቱ በከተማው ውስጥ የሚኖር፣ ጊዜና ጤና ያለው ከሆነ ተከራዩን ራሱ መርጦ ራሱ ቢያነጋግር ይሻላል የሚል እምነት አለኝ። ነገር ግን ሁሉም ይህን ዕድል አላገኘም። በጀሞ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ ከተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ባለቤቶቻቸው በዋሽንግተን ወይም በዱባይ የሚኖሩ አሉ፤ ለእነርሱ ቤታቸው ላም አለኝ በሰማይ ወተትዋንም አላይ እንደሚባለው ነው። ስለዚህም ቁልፉን ለወንድም፣ ለአክስት ልጅ፣ ለአብሮ አደግ ይሰጣሉ። ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ወዳጄ በዚህ ዓይነት ቤቱን ለወንድሙ አደራ ቢል፣ ወንድምየው ለሚስቱ ዘመድ አከራየው፤ ኪራዩ በየወሩ አልተሰበሰበም፣ ከጣሪያው ያለው የውኃ ታንከር እያንጠባጠበ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ሲያበሰብስ ማንም አልጠገነውም፣ ሒሳብ በተጠየቀ ጊዜም ጥያቄው ራሱ እንደ ስድብ ተቆጠረ። ወዳጄ ዛሬ የሚያዝነው ስለቀረበት ኪራይ አይደለም፤ ከወንድሙ ጋር በፋሲካ እንኳ መደዋወል በመተዋቸው ነው።

ታዲያ በደላላና በዘመድ መካከል ሦስተኛ ሰው እንዴት ጠፋ ብሎ ለሚጠይቅ፣ መልሱ በከፊል በታሪካችን ውስጥ ይገኛል። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ዛሬ በፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በተተካው የኪራይ ቤቶች አስተዳደር እጅ ገቡ። ያ አዋጅ ለብዙ ድሀ ተከራይ እፎይታ እንደ ሰጠ አልክድም። ይሁን እንጂ ቤትን ለሌላ ሰው ጠብቆ፣ ጠግኖ፣ ኪራይ ሰብስቦ ሒሳብ የማስረከብ ሙያ በግል ሰዎች ዘንድ ሥር ሊሰድ የሚችልበት ዘመን በዚህ አለፈ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቤት ማከራየት እንደ ገና ሲስፋፋ ባዶውን ስፍራ የሞላው ቶሎ የደረሰው ደላላ ነበር።

ለዚያ ለጠፋው ሙያ መጠሪያ ፍለጋ ወደ ባዕድ ቋንቋ መሄድ አያስፈልገንም። ከግዕዝ የወረስነው መጋቢ የሚለው ቃል አለን፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የባለጠጋውን ሀብት ይዞ ሒሳቡን እንዲያስረክብ የተጠራው ሰው መጋቢ ነው። በመጋቢና በደላላ መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ሒሳብ ማስረከብ ነው። መጋቢ ከተሰበሰበው ኪራይ ላይ በየወሩ ድርሻውን የሚያገኝ ከሆነ፣ ቤቱ ባዶ በዋለበት ወር እርሱም ባዶ እጁን ስለሚውል፣ ተከራዩ እንዲጸና፣ ቧንቧው በጊዜው እንዲጠገን፣ ጠብ ሳይካረር እንዲበርድ ከባለቤቱ ባልተናነሰ ይመኛል። ሕጉም ቢሆን መንገዱን ከጠረገ ቆይቷል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየትን ከአስተዳደር ሥራ ስለሚቆጥረው በጠቅላላ ውክልና ሊፈጸም ይችላል፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ወኪሉም የተቀበለውን ገንዘብ ሁሉ ለወካዩ እንዲያሳውቅ ሕጉ ያስገድደዋል። በውጭ አገር ያለ ሰው ይህን ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል መስጠት ስለሚችል፣ የአስተዳደሩን ብቻ ሰጥቶ የመሸጡን ሥልጣን ለራሱ ማስቀረት አለበት። ብዙዎች በችኮላ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ እየፈረሙ ሲሰጡ አይቼ ደንግጫለሁ።

መጋቢም ሰው ነውና ይፈተናል። ለአንድ ቧንቧ ጥገና የሦስቱን ዋጋ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ያለ ደረሰኝ የተከፈለውን አልቀበልም ማለት የባለቤቱ ፋንታ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ኪራዩ በመጋቢው እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ም ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እንዲከፈል ያዛል። ይኸው አዋጅ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ደንግጓል። ደላላው ከኪሱ አውጥቶ በጉልበቱ ላይ የሚሞላው የውል ቅጽ ዛሬ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ያልተመዘገበ ውል ጣጣውም የሚተርፈው ለተዋዋዮቹ እንጂ የድለላውን ገንዘብ ተቀብሎ ለሄደው እንዳልሆነ ብዙ አከራይ ገና አልተገነዘበም።

ስለዚህ ሁለት ልመና አለኝ። የከተማው አስተዳደር የቤት መጋቢነትን ከድለላ ለይቶ በሙያ ፈቃድ ቢያውቀው፣ መዝገብና ደረሰኝ እንዲይዝም ቢያስገድደው፣ በባዕድ አገር በልፋት ጥሪት ያፈሩትን ወገኖቻችንንም፣ በየዓመቱ ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚያዛውረውን ተከራይም ይጠቅማል። እናንተም ባለቤቶች፣ ቤታችሁን በደላላም አከራዩት በመጋቢ፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ተከራዩን ራሳችሁ አነጋግሩት። በከተማው ያላችሁ በሩን ከፍታችሁ አስገቡት፤ በሩቅ ያላችሁ በስልክ መስኮት ፊቱን እዩ፤ ስለ ውኃው ቀን ሲጠይቃችሁም እውነተኛውን ንገሩት።