ሰማይ ያየውን ምድር ይወቀው

ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ ጎርፍ እናወራለን፤ መስከረም ሲጠባ እንረሳለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኛ የተተረተ ይመስላል። በ1998 ዓ.ም. የሐምሌ ወር ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ200 የሚበልጥ ሰው አለቀ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ነው፤ ደረቅ ወንዝ ደግሞ ሰውን ያዘናጋል።

ጎንደርስ? ከተማችን ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፥ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል የተቀመጠች ናት። የነገሥታቱ ግንብ የተሠራው ከፍ ካለው ቦታ ላይ ነው፤ ዛሬ ግን ቤት ቁልቁል እየወረደ ወደ ወንዙ አፋፍ ተጠግቷል። አፈርና ሣር ይጠጣው የነበረውን ዝናብ ዛሬ የአራዳ ቆርቆሮና አስፋልት ሳይጠጡ ወደ ታች ይሰዱታል። ቦዩ በላስቲክና በጥራጊ ከተደፈነ ውሃው መንገድ አያጣም፤ በድኻው ደጃፍ ያልፋል።

ይህን አስቀድመን ለማወቅ መሣሪያ አጥተን አይደለም። ላንድሳት የተባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ምድርን ፎቶግራፍ ሲያነሡ ኖረዋል። በየካቲት 1992 ዓ.ም. አንዲት የጠፈር መንኰራኵር የአብዛኛውን የዓለም የብስ ከፍታና ዝቅታ በራዳር ለካች። አውሮፓውያን የመጀመሪያዋን በ2006 ዓ.ም. ያመጠቋቸው ሴንቲኔል 1 የተባሉት ሳተላይቶች በራዳር ስለሚሠሩ የክረምት ደመና አያግዳቸውም፤ ሌሊትም ያያሉ። የሦስቱም ውጤት ለፈለገው ሁሉ ያለ ዋጋ ይታደላል። አገራችንም በታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን የምድር መቃኛ ሳተላይት ከቻይና ምድር አስመጥቃለች። ደስታው መልካም ነው፤ የእኛ ጥያቄ ግን ከሰማይ የታየው ነገር ለቀሃ ዳር ነዋሪ ተነግሮታል ወይ? የሚል ነው።

ሳተላይት ሁሉን ያያል ብለንም ራሳችንን አናታልል። የዳገት ከተማ ጎርፍ በሰዓታት መጥቶ በሰዓታት ያልፋል፤ ከሴንቲኔሎቹ አንዷ ግን በሄደችበት መሥመር ተመልሳ ለማለፍ 12 ቀን ይፈጅባታል። ስለዚህ በጎንደር ከሳተላይት የምናገኘው በአብዛኛው ጎርፉን ራሱን ሳይሆን የጎርፉን መንገድ ነው፤ ቁልቁለቱን፥ የተመነጠረውን ዛፍ፥ በየዓመቱ የተጨመረውን ጣራ። ደግሞም የላንድሳት ፎቶግራፍ አንዲት ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት። በዚያች ነጥብ ውስጥ ስንት ቤት፥ ስንት የተደፈነ ቦይ ተሰውሮ ይቀራል! ይህን የሚያውቁት ውሃው እስከ የትኛው ግድግዳ እንደ ደረሰ የሚያስታውሱ የሰፈሩ አባቶችና እናቶች ናቸው።

እንግዲህ የእኛ ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ነው። ጂኦግራፊ፥ ምሕንድስናና ጤና የምንማር ሁሉ በበጋው ተቧድነን፥ ፎቶግራፉን ይዘን፥ ወንዞቹን ከላይ እስከ ታች በእግራችን እንሂድባቸው፤ ነዋሪውንም እንጠይቅ። የሚገኘው ካርታ በአማርኛ ተጽፎ በየቀበሌው በር ይለጠፍ እንጂ የመመረቂያ ጽሑፍ ሆኖ በመደርደሪያ ላይ አቧራ አይልበስ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንናገራለን። በካርታ ላይ ቀይ የተቀባ ሰፈር በማግስቱ «ልቀቁ» የሚባል ከሆነ፥ ካርታውን ባንሠራው ይሻላል። ድኻ ወንዝ ዳር የሰፈረው ውሃውን ወድዶ ሳይሆን ሌላ ቦታ አቅሙ ስለማይፈቅድለት ነው። ካርታው መጀመሪያ ቦይ የሚጠረግበትን፥ የድጋፍ ግንብ የሚሠራበትን፥ በዝናብ ሌሊት ሰው የሚሸሽበትን ቦታ ያመልክት፤ መነሣት የግድ ለሆነበትም ምትክ ቤት ይቅደምለት።

በጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላልን ቀሃ በነሐሴም የእኛው ቀሃ ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ ነውና ክረምቱ ሳይገባ እንጀምር።