አይጥን ከመንገደኛ መኪና ስለ ማራቅ

በዚህ ዓምድ ስለ እልፍኝ ንጽሕና፣ ስለ ጓዳ አያያዝና ስለ ልጆች ጤና ስንጽፍ፣ መኪናም በዛሬ ዘመን ከቤቱ ክፍሎች እንደ አንዱ መቈጠሩን ዘንግተን ኖረናል። በውጭ አገር አልጋና ምድጃ የተሰናዳለት፣ ባለቤቶቹም ወር ሙሉ የሚያድሩበት የቤት መኪና እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በእኛ አገር እንደዚያ ያለው መኪና ብርቅ ቢሆንም ሥራው ግን እንግዳ አይደለም። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል ወደ አምባሰል የሚጓዙትን ቤተ ሰቦች የተመለከተ ሰው፣ በመኪናው ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎ፣ በሶውና ድርቆሹ በመቀመጫው ሥር ተሰናድቶ፣ ሕፃናቱ በጋቢ ተጠቅልለው ሲያድሩ ያያል። የተዘዋዋሪ ችሎት ሠራተኞችም እንዲሁ ከመዝገባችንና ከስንቃችን ጋራ በመኪና ውለን በመኪና የምናድርበት ጊዜ አለ።

ሰው የሚያድርበትና እህል የሚገኝበት ስፍራ ሁሉ አይጥን ይጠራል። ይህንንም ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በራሳችን ላይ ከደረሰው እፍረት ስለ ተማርነው፣ ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

በኅዳር ወር 2010 ዓ. ም. ስሟን ወደማንጠራት አንዲት የአምባሰል ቀበሌ ለችሎት ሄደን ነበር። ዳኛው ለሌላ ጉዳይ በድንገት ወደ ደሴ ስለ ተጠሩ ቀጠሮው ተላለፈ፤ መኪናውም በአንድ ገበሬ ግቢ፣ ከጤፍ ክምር አጠገብ ዐሥራ ሁለት ቀን ቆመ። የመዝገቡን ሣጥን አውርደን በተቈለፈ ክፍል ማኖር የእኛ ግዴታ ሳለ፣ ነገ እንመለሳለን እያልን በመኪናው ውስጥ ተውነው። ይህም ሳያንስ ሾፌሩ ከሣጥኑ ጎን አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ አስቀምጦ ኖሯል። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ሣጥኑን ስንከፍት፣ በማጠፊያው በኩል አውራ ጣት በምታህል ክፍተት የገባች አይጥ ወረቀቱን እንደ ጥጥ ፈትጋ ጎጆ ሠርታበት፣ ዐይናቸውን ያልገለጡ ሰባት ግልገሎች ተኝተውበት አገኘን።

የተበላው መዝገብ የአንዲት አሮጊት ባልቴት መዝገብ ነበር። ወንድማቸው ሲሞት ቤቱን ለእርሳቸው የተናዘዘበት ወረቀት በመካከሉ ይገኛል። ጽሑፉ ደኅና ሲሆን ግርጌው ግን፣ የተናዛዡ የጣት አሻራና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ካለበት ጋራ ተበልቷል። ሕግ ያነበበ ሰው የጉዳዩን ክብደት ይረዳዋል። በ1952 ዓ. ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጥ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም እንዲፈርሙበት ወይም አሻራቸውን እንዲያኖሩበት ያዛል። ኑዛዜው መኖሩንና ቃሉን ማስረዳት የሚቻለው ዋናውን ወረቀት ወይም በሚገባ የተረጋገጠ ግልባጭ በማቅረብ እንጂ በሰው ምስክርነት አይደለም። በጥፋቱ ወይም በቸልተኝነቱ ወረቀቱን ያጠፋውን ሰው ካሣ መጠየቅ ግን ይቻላል። ያ ሰው ደግሞ አይጧ ሳትሆን እኛ ነበርን። አባቶቻችን «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ፤ በዚህ ነገር ግን ዳዋው ራሱ ንጹሕ አልነበረም።

ወደ ባልቴቲቱ ነገር ኋላ እንመለሳለን። አስቀድመን አይጧ በምን መንገድ እንደ ገባች መመርመር ይገባል።

የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት ከሁሉ ይልቅ የሚያስጠነቅቁ ናቸው። አዝመራው በማሳ ላይ ሳለ የመስክ አይጥ ምግቡም መሸሸጊያውም በዚያው ነው። አጨዳው ሲያልቅና ማሳው ሲራቆት ግን ወደ ክምሩ፣ ከክምሩም ወደ ቤቱ ይሸሻል። በዚህ ወራት ከክምር፣ ከእንጨት ቍልል ወይም ከድንጋይ ካብ አጠገብ የቆመ መኪና በስደተኛ መንገድ ላይ እንደ ተተከለ ድንኳን ነው። ገና ከጉዞ የደረሰ እንደ ሆነም የሞተሩ ሙቀት በብርድ ሌሊት ይስባቸዋል። ስለዚህ መኪናን ከእነዚህ ነገሮች አርቆ፣ ዙሪያው በተጠረገ ገላጣ ስፍራ ማቆም ከመድኃኒቱ ሁሉ ይቀድማል፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ትንሿ የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት ባላት፣ ማለት ስድስት ሚሊ ሜትር ያህል በሆነች ቀዳዳ ትገባለች። ትልቁም አይጥ ቢሆን ከዚህ እጥፍ የሚበልጥ ክፍተት አይፈልግም። ራሱ ካለፈ ሰውነቱ ይከተላል። መኪና ደግሞ ከውጭ ሲያዩት የተደፈነ ይመስላል እንጂ ከታች ወንፊት ነው፤ የመሪው ዘንግ በሚያልፍበት፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫ በሚወጣበት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሞተሩ ወደ ውስጥ በሚገባበትና አየር በሚመጣበት ሁሉ ቀዳዳ አለ። እነዚህን ለማግኘት የሚበጀው ዘዴ እንዲህ ነው። ጨለማ ሲሆን አንዱ ሰው ብርቱ የእጅ ባትሪ ይዞ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ከመኪናው ሥር አጎንብሶ ይመልከት። ብርሃን የወጣበት ሁሉ የአይጥ በር ነው። ልጆች ይህን ሥራ እንደ ጨዋታ ስለሚወዱት ለእነርሱ ቢሰጥ መልካም ነው፤ ሞተሩ መጥፋቱንና መኪናው በድንጋይ መደገፉን ግን አባትየው ራሱ ያረጋግጥ።

ቀዳዳውን በጨርቅ፣ በስፖንጅ ወይም በላስቲክ መድፈን ለአይጥ ቍርስ ማቅረብ ነው። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ማደጉን ስለማይተው፣ ሳይቀረጥፍ መኖር አይሆንለትም። የመኪና ሽቦ ልባስ የሚበላውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ልባሱ ያለቀ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ መኪናውን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ስለዚህ ለድስት መፈግፈጊያ የሚሸጠውን ቀጭን የብረት ሽቦ ጠቅጥቆ፣ በላዩም ማጣበቂያ አድርጎ መዝጋት ይገባል። ሰፊ ከሆነ ላሜራ ተቈርጦ ይመታበት። የሞተሩ አየር መሳቢያ ግን አይደፈንም፤ ዐይኑ ጠባብ የሆነ የሽቦ ወንፊት ይበቃዋል።

ባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ሚጥሚጣና ናፍታሊን በመኪና ውስጥ የሚበትኑ ሰዎች አይተናል። ሽታው ለጥቂት ቀን ያርቃቸው ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አይጡ ይለምደዋል። ናፍታሊን ግን በተዘጋ መኪና ውስጥ ሕፃናት ሲተነፍሱት የሚጐዳ ስለ ሆነ ልጅ በሚተኛበት ከቶ አይደረግ። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ያሰማል እየተባለ የሚሸጠውም መሣሪያ፣ ሻጩን እንደሚጠቅም አንጠራጠርም።

ወጥመድ የተሻለ ነው። ትልቁ አይጥ አዲስ ነገር ሲያይ ይሠጋልና፣ ወጥመዱን ሳያጠምዱ ኦቾሎኒ ወይም ኑግ ወቅጦ ቀብቶበት ሦስት አራት ቀን መተው፣ ከለመደው በኋላ ማጥመድ ብልኅነት ነው። በሜዳ መካከልም ሳይሆን ግድግዳ ለግድግዳ ይቀመጥ፤ አይጥ ጥጉን ተከትሎ ይሄዳልና።

ስለ መርዝ በብርቱ እናስጠነቅቃለን። በገበያ የሚገኘው ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጥቁር ዱቄት በሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋራ ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ የሚያወጣ ነው፤ ለአይጥ እንደሚሆነው ለሰውም ያው ነው። በሶና መርዝ በአንድ መኪና ተጭኖ ሲሄድ ማየት ያስደነግጣል። ደግሞም መርዝ የበላ አይጥ በመቀመጫው ሆድ ገብቶ ይሞትና ሽታው ለብዙ ሳምንት ይኖራል። የመረዘውን አይጥ የበላች ድመትና ጉጉትም አብረው ይጠፋሉ። ጉጉትን ብዙ ሰው በክፉ ምልክት ይጠላታል፤ እኛ ግን ከእርስዋ የሚሻል የጎተራ ዘበኛ አላየንም።

አይጥ የሚያመጣውን ደዌ በተመለከተ ባጭሩ እንናገር። አሌክሳንድር የርሲን የተባለው ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1894 በሆንግ ኮንግ የወረርሽኙን የፔስት በሽታ ተሐዋሲ አገኘ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለው ሐኪም ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ቍንጫ መሆኑን ገለጠ። በአይጥ ሽንት የሚተላለፍም ሌላ ደዌ አለ። ስለዚህ በመኪናው ውስጥ ፋንድያ የተገኘ እንደ ሆነ በደረቁ መጥረግ አይገባም፤ ብናኙ ይተነፈሳልና። በሮቹን ከፍቶ ማናፈስ፣ ጓንት አጥልቆ በረኪና የተቀላቀለበት ውሃ አርከፍክፎ ጥቂት መቈየት፣ ከዚያ በጨርቅ አንሥቶ መቅበር ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያለው ነገር ግን አስቀድመን የምናውቀው፣ ያወቅነውንም የረሳነው ነው። በልጅነታችን የቆሎ ተማሪ ሳለን የለመንነውን ቍራሽ በአኩፋዳ ከትተን ከጎጆው ማገር ላይ እናንጠለጥል ነበር፤ መሬት ላይ የተወ ልጅ ጦሙን ያድራል። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። ብራና ቆዳ ስለ ሆነ ለአይጥ መብል ነውና፣ አባቶቻችን በቆዳ ማኅደር ከትተው በጠፍር ከግድግዳ ካስማ ላይ ይሰቅሉታል። በ13ኛው መቶ ዓመት የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያቋቋሙት አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያጻፉት ወንጌል ሰባት መቶ ዓመት አልፎት እስከ ዘመናችን ደርሷል። ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስንማር መዝገብን በመደርደሪያ መደርደር ለመድን፤ መደርደሪያ ሥርዓት ነው፣ ለአይጥም መሰላል ነው። ጎተራም የሚድነው በዚሁ ምክንያት ነው። እግሮቹ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብለው፣ በየእግሩም እንደ ተገለበጠ ጽዋ የሆነ ቆርቆሮ ቢደረግበት፣ አይጥ መዝለልም መውጣትም ያቅተዋል።

ወደ ባልቴቲቱ እንመለስ። ችሎቱ ዳግመኛ በተሰየመ ጊዜ የሆነውን በግልጥ ተናገርን። ተከራካሪያቸው የሆነው የወንድማቸው ልጅ ደስታውን አልሸሸገም። እርሳቸው ግን ምንም ሳይደነግጡ ወደ እኛ ዘወር ብለው፣

«ልጄ፣ ከቤትህ አይጥ የለም ወይ?» ብለው ጠየቁን።

«አለ፣ እናቴ» ብንላቸው፣

«እንግዲያ የሰው ወረቀት መሬት ለመሬት የምታኖር ስለ ምን ነው? እኛ ዘንድ እህሉም ወረቀቱም ተንጠልጥሎ ነው የሚያድር።»

ከዚያም ከጉያቸው አንዲት የብስኩት ጣሳ አወጡ። ኑዛዜው በተደረገ ጊዜ በአደራ የተቀበለው ጽሕፈት ቤት አረጋግጦ የሰጣቸው ባለ ማኅተም ግልባጭ በውስጧ ነበረ። ማንበብ አያውቁም፤ ጣሳዪቱን ግን በሽቦ አስረው ከቤታቸው ወራጅ ላይ ስድስት ዓመት ሰቅለዋታል። ዳኛው ግልባጩን ከተረፈው ዋና ወረቀት ጋራ ቃል በቃል አስተያይተው ተቀበሉት። የወንድማቸው ልጅ ጽሕፈቱ ያው ስለ መሆኑ አንድ ምስክር አቀርባለሁ ቢል፣ ከኋላ የተቀመጠ ሽማግሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» አለና ችሎቱ ሳይወድ ሳቀ። ቤቱ ለባልቴቲቱ ተፈረደ። እኛም ስለ ቸልተኝነታችን በጽሑፍ ተገሠጽን፤ ወረቀቱ በአገልግሎት መዝገባችን ውስጥ ዛሬም አለ።

ከዚያ ወዲህ የእንጨቱን ሣጥን ትተን፣ ክዳኑ በሚገባ የሚገጥም የብረት ሣጥን ይዘናል፤ በየዕለቱ ማታም ከመኪናው ይወርዳል። ከዋናው ወረቀት ጋራም ግልባጩን በአንድ ስፍራ አናኖርም። የመኪናውን ቀዳዳዎች በላሜራና በብረት ሽቦ አስደፍነናል፤ በባትሪ ስንመረምር በመጀመሪያው ሌሊት ብርሃን የወጣባቸው ዐሥራ አንድ ነበሩ። ዳቦ ቆሎው ግን አሁንም ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር በጨርቅ ከረጢት ስለሚገኝ፣ በዚህ ነገር ከሾፌሩ ጋራ ገና አልተስማማንም።