ራስ የፈለጠ ሁሉ ጂን አይደለም፤ ክኒንህን አትጣል!



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከዒሻ በኋላ መስጂድ በር ላይ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ ግማሽ ራሴን እየፈለጠኝ ስንት ዓመቴ ነው። ሐኪም ሚግሬን ነው ብሎ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘልኝ። አንድ ራቂ ግን ክኒኑን ካልጣልክ ሩቅያው አይሠራልህም፣ ክኒን የያዘ ሰው ተወኩሉ ጎዶሎ ነው አለኝ። ምን ይሻለኛል?» ይሉኛል።

መልሴን ሳላዞር ልናገር፦ ክኒንህን አትጣል። ጣል ያለህ ሰው በማያውቀው ነገር ገብቶ እየተናገረ ነው። ለሚደርስብህ ጉዳትም አላህ ፊት ይጠየቅበታል።

ይህን የምለው ከሌላው ተሽዬ አይደለም። እኔም እዚሁ ጥፋት ውስጥ ገብቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸውን ጉዳይ ይዘው መጡ። ልጅቱ በወር ሰባት ስምንት ቀን መስኮት ዘግታ ትተኛለች፤ ብርሃንና ድምፅ አትችልም፤ ያስመልሳታል። ሐኪም ፕሮፕራኖሎል አዝዞላት ሁለት ወር ያህል ስትወስድ ቀለል ብሎላት ነበር። እናት ግን «በዚህ ዕድሜዋ በየቀኑ ክኒን?» ብለው ሰጉ። እኔም መድረሳ የቀራሁ እንጂ ሕክምና ያልተማርኩ ሰው፣ «ለጊዜው ክኒኑ ይቆይና ሩቅያ ይቀራባት» አልኳቸው። ልጅቱ በአንድ ቀን አቆመች። በዚያው ሳምንት ልቧ እየመታ እንቅልፍ አጣች። ራስ ምታቱ ብሶ ተመለሰ፤ የሞዴል ፈተናም አመለጣት። ያ መድኃኒት በድንገት እንደማይቆም ሐኪሙ የነገራቸው በኋላ ነው። እናትየው ተመልሰው ሲመጡ አልወቀሱኝም። «ኡስታዝ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ» ብቻ አሉኝ። ቢወቅሱኝ ይቀለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ ደግሜ ቀራሁ። ጉዞ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ድንጋይ መትቶት ራሱ ላይ ቆሰለ። ከዚያ ጀናባ ሆነና በተየሙም መብቃቃት ይፈቀድለት እንደሆነ ባልደረቦቹን ጠየቀ። ውሃ እያለህ ሩኽሳ የለህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ወሬው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሲደርስ ሰዎቹን እንደ ገዳዮቹ ቆጥረው በብርቱ ገሠጿቸው፤ ካላወቁ መጠየቅ እንደነበረባቸው፣ ያለማወቅ ፈውሱም መጠየቅ መሆኑን አስተማሩ። ልብ በሉ! እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ለዲን የተቆረቆሩ ነበሩ። ጥፋታቸው የማያውቁት ሰው ራስ ላይ ፈትዋ መስጠታቸው ነው። አቡ ዳውድና ነሳኢ በዘገቡት ሌላ ሐዲስም፣ ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ዋስ ነው ተብሏል።

አሁን ወደሚያቀርቡት «ማስረጃ» እንምጣ።

አንደኛው፣ ያለ ሒሳብ ጀነት ስለሚገቡት 70,000 ሰዎች ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። «እነሱ በአላህ ላይ የተመኩ ናቸው፤ አንተ ግን በክኒን» ይሉሃል። ሐዲሱ ውስጥ ተለይተው የተጠቀሱት ግን ሩቅያ አለመጠየቅ፣ በእሳት አለመተኮስና በገድ አለማመን ናቸው። ታዲያ ለሩቅያ ዋጋ ተምኖ፣ ተራ አስይዞ ሰው የሚያስጠይቅ ራቂ፣ በየትኛው ፊቱ ነው ይህን ሐዲስ ክኒን ላይ የሚያነበው? ሐዲሱን በመጀመሪያ የራሱ በር ላይ ያንብበው!

ሁለተኛው፣ «ታሞ መታከም አንድ ነገር ነው፤ ሳያምህ በየቀኑ መዋጥ ግን ፍርሃት ነው» የሚለው ነው። ይህ የዲናችንን ጠባይ አለማወቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጠዋት ሰባት የዐጅዋ ተምር የበላን ሰው በዚያ ቀን መርዝና ሲሕር እንደማይጎዳው ነግረውናል። ይህ ሳይታመሙ አስቀድሞ መከላከል አይደለም እንዴ? ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሠራዊቱን መለሱ። ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ሲባሉም፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። ሚግሬን በቀደር መጣ፤ ክኒኑም በቀደር መጣ። ግመልህን እሰርና ተመካ የተባልነው እኮ ገመዱን በጥሰን እንድንመካ አይደለም።

ሦስተኛው፣ «ሚግሬን የሚባል በሽታ የለም፤ ዐይን ነው፣ ጂን ነው» የሚለው ነው። ቡኻሪ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዘገቡት መሠረት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በኢሕራም ላይ ሳሉ በራሳቸው ላይ ሒጃማ አሠርተዋል፤ ምክንያቱም ሸቂቃ ነበር። ሸቂቃ ማለት ግማሽ ራስን የሚይዝ ሕመም ነው፤ ቃሉም ግማሽ ጎን ከሚለው የመጣ ነው። ረሱል ራሳቸውን አሟቸው ታከሙ። አንተ ስትታከም ኢማንህ እንዴት ይጎድላል?

ጂን መኖሩን አንክድም፤ ዐይንም ሐቅ ነው። ነገር ግን በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ተነስቶ፣ አንድ ዓይኑን ይዞ የሚንጎራደድን፣ ራሱን ከግድግዳ የሚያጋጭን ወንድም አይተን ወዲያው «ጂኑ መጣ» ስንል የምንበድለው ሰው አለ። ሐኪሞች ክላስተር የሚሉት ራስ ምታት በትክክል እንዲህ ነው የሚመጣው። በአንድ ዓይን ዙሪያ ይነሳል፤ ዓይኑን ያስለቅሳል፤ በዚያው ጎን አፍንጫን ይዘጋል ወይም ያፈሳል። ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል፤ በቀን ደጋግሞ፣ ብዙ ጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይመጣል። የሚግሬን በሽተኛ ጨለማ ፈልጎ ይተኛል፤ የክላስተሩ ግን መቀመጥ አይችልም። ለክላስተር በጭንብል የሚሰጥ ኦክስጅን ሕመሙን ሲያስታግስ፣ ቬራፓሚል የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ይከላከላል። ቬራፓሚል የልብ ምትን ስለሚነካ በኢሲጂ ክትትል ነው የሚሰጠው። ይህን ወንድም አስሮ መደብደብ ሩቅያ ሳይሆን ዙልም ነው።

ሩቅያን አልተቃወምኩም፤ አላህ ይጠብቀኝ! ቁርኣን ሺፋእ ነው። እጅህን የሚያምህ ቦታ ላይ አድርገህ ሦስት ጊዜ ቢስሚላህ በል፤ ከዚያም የመጣውን ዱዓ ሰባት ጊዜ በል። ፋቲሓንና ሙዐወዘተይንን ቅራ። ይህ ዋጋ የለውም፤ ተራም አያስይዝም፤ ክኒንህንም ጣል አይልህም። ሁለቱን ያጣላቸው ሸሪዓው ሳይሆን የእኛ ጅህልና ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጎን ልዙር፤ ክኒን አትጣል ስል እንዳሻህ ዋጥ ማለቴ አይደለምና። በከተሞቻችን ስንቱ ወጣት ነው ፋርማሲ ገብቶ «የራስ ምታት ስጠኝ» እያለ በየቀኑ ዲክሎፌናክና ትራማዶል የሚውጠው? ማስታገሻና መከላከያ የተለያዩ ናቸው። ማስታገሻ ሲያም ብቻ የሚወሰድ ነው። ተራ ማስታገሻን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትራማዶልን፣ ኤርጎታሚንንና ቅልቅል ክኒኖችን ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የወሰደ ሰው፣ ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ይሆንበታል። መከላከያው ደግሞ ባያምህም በየቀኑ የሚወሰድ ነው፤ ሥራው ሕመሙ የሚመጣበትን ቀን መቀነስ ነው። በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚያምህ ከሆነ ወይም ሕመሙ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀርህ ከሆነ ስለ መከላከያ ሐኪምህን ጠይቅ። ስትወስድ ደግሞ እነዚህን ያዝ፦

1. ሐኪምህን አትደብቅ። አስም ያለበት ሰው ፕሮፕራኖሎል ትንፋሹን ሊዘጋበት ይችላል። የልብ ሕመም ካለህ አሚትሪፕቲሊን ከመጀመርህ በፊት ተናገር። የኩላሊት ጠጠር ካለብህ ስለ ቶፒራሜት ተናገር። የምትወስደውን ሌላ መድኃኒት ሁሉ፣ ከጥቁር አዝሙድ ዘይት ጀምሮ ዘርዝር።

2. እህቴ ሆይ! ቫልፕሮኤትና ቶፒራሜት በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ይጎዳሉ። ቶፒራሜት አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖችንም ያዳክማል። ያገባሽ ከሆንሽ ወይም ኒካሕሽ ከቀረበ ሳታፍሪ ንገሪያቸው። እየወሰድሽ ካረገዝሽ ደግሞ በራስሽ ሳታቆሚ ፈጥነሽ ወደ ሐኪም ሂጂ።

3. ታገሥ። መድኃኒቱ በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። በሳምንት ውስጥ «አልሠራም» ብሎ መተው ስህተት ነው፤ ለመፍረድ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈልጋል። በሁለት አምጥቶ መዋጥም አያፈጥነውም። አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ይወሰዳል፤ ትርፉም ሕፃን እንዳይነካው ይቀመጥ፣ ብዙ ከተዋጠ ይገድላል።

4. በድንገት አታቁም። ቀለል ሲልህም «ዳንኩ» ብለህ አትጣል። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይወስደውም፤ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ያህል ከተሻለው በኋላ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለታል።

5. የጓደኛህን ክኒን አትዋስ። የእሱ መድኃኒት ለአንተ መርዝ ሊሆን ይችላል።

6. ያመመህን ቀንና የወሰድከውን ማስታገሻ በስልክህ መዝግብ። ሐኪሙ የሚፈርደው በዚያ ነው።

ረመዷን ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወሰደው መከላከያ ብዙ ጊዜ በኢፍጣርና በሱሑር ሊመደብ ይችላል። ይህን ከሐኪምህ ጋር በሻዕባን ጨርሰው እንጂ ረመዷን ሲገባ ራስህ አትቁረጠው። ቶፒራሜት የምትወስድ ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውሃ አብዛ። ቡናህንም ከረመዷን በፊት ቀስ እያልክ ቀንስ፤ አቦል፣ ቶናና በረካ የለመደ ሰው በአንድ ቀን ሲያቆም ራሱን መፍለጡ አይቀርም። ሌሊቱን በጫት አንግቶ ለተሓጁድ ነቃሁ የሚል ወጣትም ራሱን አይሸውድ፤ የእንቅልፍ እጦት ለሚግሬን ትልቅ ቀስቃሽ ነው። ሕመሙ ከበረታብህ ግን አላህ በቁርኣኑ ለበሽተኛ ሩኽሳ ሰጥቶ ሌላ ቀን እንዲያሟላ አድርጓል። አላህ የሰጠህን ሩኽሳ የሚነጥቅህ ሰው ከአላህ በላይ ለዲኑ አይቆረቆርም።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። በድንገት እንደ መብረቅ የመታ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለበት፣ ግማሽ አካልን ያሰነፈ ወይም አንደበትን ያሰረ፣ ከአደጋ በኋላ የመጣ፣ ወይም ነፍሰ ጡርን የያዘ ብርቱ ሕመም ከሆነ ሚግሬን ነው ብለህ አትተኛ። ራቂም ኡስታዝም ሳትጠብቅ ሆስፒታል ድረስ።

ወንድሜ ራቂ! በሽተኛው ፊትህ ሲቀመጥ «ሐኪምህ ያዘዘልህን ይዘህ ቀጥል፤ እኔም እቀራብሃለሁ» ማለት ምን ያስከፍልሃል? ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ በየቀኑ ክኒን መዋጧ አያሳፍራችሁ፤ የሚያሳፍረው ፈውስ እያለ በጨለማ ክፍል መተዋችን ነው። እኔም እንደ እኔ ያሉትም፣ መስጂድ በር ላይ ስለ መድኃኒት ስንጠየቅ «አላውቅም፣ ሐኪም ጠይቁ» ማለትን እንልመድ። «አላውቅም» ማለት የዕውቀት ግማሽ ነው ይባላል፤ ያቺን ልጅ ያጎደልኳት በዚህ ቃል ነው።

አላህ በሽተኞቻችንን ይፈውስልን፤ ሳናውቅ ያጠፋነውን ይማረን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።