ያልዳሰሱት እንጨት ዋጋ

በአሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ ገበያ ውስጥ እንደ ሕግ የሚጠቀስ እምነት አለ፤ የዕቃው እውነተኛ ዋጋ በኦንላይን ጨረታው የመጨረሻ ሰከንድ ላይ የታየው ቁጥር ነው የሚል። ሻጩ «ባለፈው ወር እንዲህ ያለው በዚህ ዋጋ ወጥቷል» ሲል፣ ገዢው የዳኛ ብይን እንደሰማ ሰው ዝም ይላል። እኔ በዚህ ብይን ላይ ይግባኝ አለኝ። በተለይ ሙዚቀኞች ሆሎው ቦዲ የሚሉት፣ ሆዱ ባዶ የሆነው የድሮ ቤዝ ጊታር ላይ ሲመጣ፣ ጨረታው የሚተምነው ፎቶግራፉን ነው።

ነገሩን በአንድ ዕቃ እንየው። የጀርመኑ ሆፍነር 500/1 በ1950ዎቹ አጋማሽ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ዋልተር ሆፍነር የነደፈው፣ ቅርጹ ቫዮሊን የመሰለ ቤዝ ነው። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1961 ሐምቡርግ ውስጥ በ30 ፓውንድ ገደማ ገዝቶት በዓለም መድረክ ስላሳየው ስሙ ገነነ። ፊቱ ስስ የስፕሩስ እንጨት፣ ጀርባና ጎኑ ሜፕል ነው፤ ውስጡ እንደ ክራር ገበቴ ባዶ ነው። አንገቱ በማጣበቂያ ተጋጥሟል። ክሮቹን የሚሸከመው ብሪጅ እንኳ በብሎን አልታሰረም፤ ክሮቹ ወደ ታች ስለሚጫኑት ብቻ ቆሟል። አራት የቤዝ ክር ይህን የመሰለ ቀላል ሳጥን ስድሳ ዓመት ሲጎትት ቢኖር መጋጠሚያው መላላቱ፣ አንገቱም ወደ ፊት ማዘንበሉ አይገርምም። ያን ጊዜ ክሮቹ በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት ፍሬቶች ይርቃሉ፤ ጣት ያማል፣ ቅኝቱም ይዛባል። መድኃኒቱ አንገቱን ነቅሎ፣ ማዕዘኑን አርሞ መልሶ መለጠፍ ነው። ይህን የሚደፍር ባለሙያ በየሰፈሩ የለም፤ ያለውም በርካሽ አይሠራም።

ይህ ሕመም በፎቶ የሚታይበት አንድ ቦታ አለ፤ ብሪጁን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት ሁለቱ ጥርሳም ቀለበቶች። ቀለበቶቹ እስከ መጨረሻ ወርደው፣ ክሮቹ ግን አሁንም ከጣት መርገጫው በላይ ተንጠልጥለው ከታዩ ብሪጁ መውረጃ አጥቷል፤ ጥፋቱ ከአንገቱ ነው። ይህን ለማየት ግን ክሮቹ ተወጥረው፣ ካሜራውም ከጎን ሆኖ መነሳት አለበት። የጨረታ ፎቶ በተቃራኒው ከፊት ለፊት ይነሳል፤ የጀርባው እንጨት ሲያብረቀርቅ፣ የፋብሪካው ስም፣ አልፎ አልፎም የድሮው መያዣ ሣጥን ከነቁልፉ ይታያል። ክሮቹ ላልተው ከተነሳማ የታመመውና ጤነኛው አይለዩም። ሆዱ ውስጥ የላላ ድጋፍ አንድ ኖታ ላይ ብቻ «ዝዝ» ቢል የትኛው ፎቶ ያሰማል? ጠርዙን የከበበው ሴሉሎይድ አርጅቶ እንደ ደረቅ ቆሎ መፈርፈር ቢጀምርስ?

በዚህ ላይ የጨረታው ባሕርይ ይጨመርበታል። በ1971 ሦስት የነዳጅ መሐንዲሶች የባሕር ላይ የነዳጅ ቦታዎች ጨረታ ሲያጠኑ ያስተዋሉት ነገር አለ፤ ማንም የዕቃውን ትክክለኛ ዋጋ በማያውቅበት ውድድር የሚያሸንፈው ብዙውን ጊዜ አጋኖ የገመተው ነው። አሸናፊው ከሁሉ ይበልጥ የተሳሳተው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ሰዓቱም ያባብሰዋል። ኢኮኖሚስቶቹ ሮትና ኦከንፌልስ በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ጨረታው በተቆረጠ ሰዓት በሚዘጋበት በኢቤይ ተጫራቾች እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት አድፍጠው እንደሚጠብቁ፣ አዲስ ዋጋ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ይራዘምበት በነበረው በያኔው የአማዞን ጨረታ ግን ይህ እጅግ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። አንገቱ ዘምሟል ወይ ተብሎ የሚጠየቅበት ሰዓት ሰከንድ በመቁጠር ያልቃል። በእኛ አገር የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ እንኳ ንብረቱን ባለበት ቦታ ቀርቦ መጎብኘት እንደሚቻል ይጽፋል። ቤትና መኪና ለሚጫረት ሰው የተፈቀደው ማየት፣ በሺዎች ዶላር እንጨት ለሚገዛው ቅንጦት ሆነበት።

«ልምድ ያለው ገዢ አደጋውን አስቦ ዋጋ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ውጤቱ ትክክል ነው» የሚል መልስ ይሰጣል። ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው፤ ግን ወዴት እንደሚያደርስ ይታይ። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ እንደጻፈው፣ ገዢው ደህናውን ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ደህና ዕቃ ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። አንገቱ የጸና ሆፍነር ያለው ሰው ለሚያውቀው ሙዚቀኛ ወይም ለታመነ ነጋዴ ይሸጣል፤ ጨረታው ላይ የሚበዛው አጠራጣሪው ይሆናል። የጨረታው ቁጥር እንግዲህ ሁለት ጊዜ ያሳስታል፤ ብልሹውን አጋኖ፣ ደህናውን አሳንሶ።

«ካልወደድከው ትመልሳለህ» የሚሉም አሉ። መመለሱ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ስንጥቁ ከመላኩ በፊት ነበር ወይስ አውሮፕላን ላይ ደረሰበት የሚለው ክርክር ግን ማስረጃ የለውም፤ ደረቱ የሳሳ ሳጥን ደግሞ ሁለተኛ ጉዞ አይወድም። ጣት መርገጫው የብራዚል ሮዝውድ ከሆነ፣ ከ1992 ወዲህ ድንበር ለመሻገር የሳይቲስ (ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ይፈልጋል፤ ለመመለሻውም እንደዚያው።

አንድ ነገር አምናለሁ። ያለ ኢንተርኔት እንዲህ ያለው ቤዝ ከነጭራሹ አይገኝም፤ ጀርመን ባቫርያ የተሠራው ዕቃ አሜሪካ ሜሪላንድ ላለ ቤዚስት መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። የምጠላው ርቀቱን አይደለም፤ ሰዓቱንና ዓይነ ስውርነቱን ነው። በቁርጥ ዋጋ፣ የጥቂት ቀን መሞከሪያ ሰጥቶ የሚሸጥ ነጋዴ በእነዚያው ገጾች ላይ አለ፤ ትንሽ አብልጦ ቢያስከፍልም ልዩነቱ የአንገት መጠገኛ ያህል አይሆንም። በጨረታ የግድ ካሉም ክሮቹ ተወጥረው ከጎን የተነሳ ፎቶ፣ በባትሪ ብርሃን በድምፅ መቀበያው (ፒክአፑ) ቀዳዳ በኩል የታየ ሆድ፣ እያንዳንዱ ፍሬት ተመትቶ የተቀዳ ድምፅ መጠየቅ ይገባል። ሻጩ እምቢ ካለ የመጨረሻውን ዋጋ ከመጻፍ በፊት የአንገት መጠገኛውን ሙሉ ወጪ መቀነስ ነው፤ በዚያ ዋጋ ካላሸነፉም ቤዙ ለሌላው ይሂድ።