ከባኮ ለጻፉልን እናት

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከባኮ የመጣ ነው። ጸሓፊዋ ልጃቸው በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቆ የንግድ መርከብ መኰንን ለመሆን እንደ ቈረጠና ፈቃዳቸውን እንደ ለመናቸው ይገልጡና፣ «እኔ የማውቀው ውሃ ግቤን ነው፤ እርሱም በክረምት ሰው ይወስዳል፤ ልጄን ለባሕር እንዴት ልስጥ?» ሲሉ ይጠይቁናል።

እናታችን ሆይ፣ ፍርሃትዎን አንነቅፍም። ነገር ግን የመርከብ ሥራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ገና ልጅ ሳሉ ወደ አክሱም የመጡት የቀይ ባሕር ጉዞ አድርሷቸው ነው። በዘመናችንም የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ተቋቁሟል። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ አገራችን የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፣ ጠረፍ የሌላቸው መንግሥታት በመርከብ ላይ ባንዲራቸውን እንዲሰቅሉ እ.ኤ.አ. በ1921 በባርሴሎና የታወቀላቸው መብት አልቀረባትም። ከመርከቦቿ አንዲቱ በርስዎው ወንዝ ስም ግቤ ተብላ ተሰይማ ነበር። ወንዙ ራሱ ከኦሞ ጋር ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ስለሚቀር ባሕር አይደርስም፤ ስሙ ግን ደርሷል።

ልጅዎ የሚያስበው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የባሕረኞች ማሠልጠኛ የምሕንድስና ምሩቃንን ተቀብሎ ለመርከብ ሞተርና ለመርከብ ኤሌክትሪክ የሚያዘጋጀውን ትምህርት ይመስለናል። እንግዲያስ መሪ ጨብጦ ማዕበል የሚያይ አይምሰልዎ፤ ሥራው ከታች፣ ሙቀቱና ጩኸቱ በበረታበት በሞተሩ ክፍል ነው። ከትምህርቱ በኋላ በዕጩ መኰንንነት በመርከብ ላይ ያገለግላል፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1978 በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ተፈትኖ የመኰንንነት ምስክር ወረቀቱን ይቀበላል። ወደ ዋና መሐንዲስነት ለመድረስ ገና ብዙ ዓመት አለበት።

እኛን ከማዕበሉ ይልቅ የሚያሰጋን ደላላውና ውሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ለሥራ መቀጠሪያ ተብሎ ከሠራተኛው ገንዘብ እንዳይወሰድ ይከለክላል፤ ሠራተኛው የሚከፍለው ለሕክምና ምስክር ወረቀት፣ ለባሕረኛነት ደብተርና ለፓስፖርት ብቻ ነው። ስለዚህ «ሥራ አስገባዋለሁ» ብሎ በሬ የሚያሸጥ ሰው ከመጣ ከደጅ ይመልሱት። ያው ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ያዛል፤ ዐሥራ ሁለት ወር ሳይሞላም በመርከቡ ባለቤት ወጪ ወደ አገር መመለስን ይፈቅዳል። የሥልጠናው ወጪ ከደመወዙ የሚቈረጥ እንደ ሆነ፣ በየወሩ ስንት፣ እስከ ስንት ዓመት እንደ ሆነ ሳያውቅ አይፈርም።

ስለ ጾሙም ጠይቀውናል። ምግቡ የሠራተኞቹን ሃይማኖት እንዲመለከት ስምምነቱ ያዛል፤ ነገር ግን የመርከቡ ወጥ ቤት የእኛን አጽዋማት ከየት ያውቃል? ልጁ የዓመቱን የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ ይዞ፣ ጾመኛ መሆኑንም ገና በመጀመሪያው ቀን ለወጥ ቤቱ አስታውቆ ይሳፈር። ቅዳሴ በማይገኝበት ወራት እንዴት እንደሚጸልይና በድካም ጊዜ እንዴት እንደሚጾም ግን ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር እንጂ እኛ ከዚህ ሆነን አንወስንለትም። በባሕርና በየብስ ስለሚጓዙ ቤተ ክርስቲያን እንደምትጸልይም እርስዎ በቅዳሴ ሲቆሙ ይሰሙታል።

አንድ ነገር ግን አንሸሽግዎትም፤ ቢታመሙ ላይደርስ ይችላል፤ ከቤት ሰው ቢሞት ለቀብር አይደርስም፤ ፋሲካንም ከቤት ርቆ የሚውልበት ዓመት ይመጣል። ልጁ ይህን አስቦት እንደ ሆነ፣ ስለ ደመወዙ ሳያነሡ አስቀድመው ይጠይቁት። አስቦ ከቈረጠ ቢከለክሉትም ልቡ በቤት አይቀመጥም፤ ስለዚህ ይመርቁት እንላለን፤ ነገር ግን የውሉንና የፓስፖርቱን ግልባጭ፣ የመርከቡንም ስም በእጅዎ ሳይተው ከባኮ አይነሣ።