ስለ ዘበኛ ዓይንና ስለ ሹም ጆሮ

ዘበኛ የሚቀጠረው ጥፋት ከደረሰ በኋላ አጥፊውን አሳድዶ ለመያዝ ብቻ የሚመስላቸው ሹማምንት ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን የዘበኝነት ዋናው ሥራ ጥፋቱ ሳይደርስ ምልክቱን አይቶ ማስታወቅ ነው። ስለዚህ ዘበኛን በጠመንጃው ወይም በቆመጡ ብቻ የሚመዝን ሹም፤ የሥራውን እኩሌታ ሳያውቀው ይቀራል።

ለዚህ ነገር የጫሞ ሐይቅ አካባቢ የተገለጠ ምሳሌ ይሆናል። በአርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ ጫሞና አባያ የሚባሉት ሐይቆች በእግዜር ድልድይ ተለያይተው ይገኛሉ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ዓ.ም. የተቋቋመው፤ ስፋቱም 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ከሁለቱም ይዋሰናል። በአገሩ የሙዝና የማንጎ እርሻ፤ የዓሣ ማስገሪያና መጋዘን አለ። በዚህ ሁሉ ስፍራ ዘበኛ ይቆማል፤ የሚጠብቀው ሀብት ልዩ ልዩ ቢሆንም፤ የሚያገኘው አደጋ ከአውሬ፤ ከውሃና ከእሳት፤ ከሰውም ይመጣል።

ጉማሬ ቀን በውሃ ውሎ ሌሊት ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ ወደ ውሃው የሚመለስበትን መንገድ የዘጋበትንም ሰው አይምርም። አዞ ደግሞ በውሃው ዳር አድፍጦ ይቆያል። በ2010 ዓ.ም. በአባያ ሐይቅ ዳር ምእመናንን ሲያጠምቅ የነበረ ሰባኪ በአዞ ተነጥቆ መሞቱ ይታወሳል። በቀን፤ በሰው መካከል እንዲህ ከሆነ፤ በሌሊት ብቻውን የሚዞር ዘበኛ ምን ያህል መጠንቀቅ እንደሚገባው አያጠራጥርም። በጭቃ ላይ አዲስ ዱካ፤ በዳርቻው የተረገጠ ሣር ባየ ጊዜ መንገዱን ይለውጥ፤ ያየውንም ለተረኛው ጓደኛው ይንገር።

የኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ደጋ ወርዶ ወደ ጫሞ ይገባል። በቆላው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደጋው የዘነበው ዝናም ወንዙን ሊሞላው ስለሚችል፤ በወንዙ ዳር ያለ ዘበኛ ወደ ተራራው መመልከትን ይልመድ። በበጋም ሣሩ በደረቀ ጊዜ ትንሽ ጢስ ሲታይ ወዲያው መላክ ያስፈልጋል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነውና።

ከሰው የሚመጣው አደጋ ግን ከሁሉ ይልቅ ማስተዋልን ይፈልጋል። አርባዎቹ ምንጮች ካሉበት ደን ማገዶ ተሸክማ የምትወጣ ድኻ ሴትና፤ መሣሪያ ይዞ በሌሊት የሚገባ አዳኝ ሁለቱም ደንብ ተላልፈው ሊሆን ይችላል፤ ለዘበኛው ግን አደጋቸው አንድ አይደለም። ለሴቲቱ ትዕግሥትና ምክር ይበቃል። ባለመሣሪያውን ብቻውን የሚጋፈጥ ዘበኛ ግን ሕይወቱን በከንቱ ያጣል፤ ራቅ ብሎ ቁጥራቸውንና የሄዱበትን አቅጣጫ አይቶ፤ ለጓደኞቹና ለፖሊስ ማስታወቅ ይሻለዋል። የመጋዘን ዘበኛም እንዲሁ፤ ያለ ጉዳይ ደጋግሞ በሩን የሚመለከት እንግዳ፤ የተበጠሰ አጥር፤ የጠፋ መብራት፤ የሚጮኸው ውሻ ዝም ያለበት ሌሊት ሁሉ ምልክት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ78ኛው አንቀጽ፤ መከላከል የሚፈቀደው ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስቀረት ባልተቻለ ጊዜና መከላከሉም ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን መሆኑን ስለሚያዝ፤ ይህን ለዘበኛው አስቀድሞ ማስረዳት የሹሙ ፈንታ ነው።

ሕዝብ በቁጣ በተነሣ ጊዜ ጠመንጃ ነገሩን ያብሰው እንደ ሆነ እንጂ አያበርደውም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡትን ወጣቶች፤ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መልሰዋቸዋል። እንግዲህ የአገር ሽማግሌዎችን የሚያውቅና በጊዜ ሊልክባቸው የሚችል ዘበኛ፤ ከሌሎቹ ይልቅ ንብረቱን አስጠበቀ ማለት ነው።

በድርጅትና በግል እርሻ የተቀጠረ ሠራተኛ፤ ብቻውን ሊያስወግደው የማይችለውን አደጋ ለአሠሪው እንዲያስታውቅ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ93ኛው አንቀጽ ያዝዛል፤ በ92ኛው ደግሞ ሠራተኛውን ከአደጋ የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ያደርጋል። ዳሩ ግን «እዚህ ስፍራ ብቻዬን መቆም አደጋ አለው» ብሎ የተናገረውን ዘበኛ «ፈሪ» ወይም «ሰነፍ» የሚለው አለቃ አይጠፋም። እንዲህ ያለው ቃል አንድ ጊዜ ከተሰማ በኋላ ሌሎቹ ዘበኞች ያዩትን አይናገሩም፤ ሹሙም ነገሩን የሚሰማው ሰው ከሞተ ወይም ንብረት ከጠፋ በኋላ ይሆናል።

ገንዘብ አይበቃም የሚለው ምክንያት ሐሰት አይደለም። ለየበሩ ሁለት ሁለት ሰው ማቆም ለብዙ ወረዳ የማይቻል ነው። ቢሆንም ፊሽካ፤ የእጅ ባትሪና የቀን መዝገብ ብዙ ገንዘብ አይፈልጉም። ለጥንድ ዘበኛ የማይበቃ ገንዘብ ያለው ሹም፤ አንድን ሰው በሌሊት በሐይቁ ዳር ለብቻው ከሚያቆም፤ ዕቃውን ወደ ውስጥ አስገብቶ ስፍራውን ቢተው ይሻላል፤ የጠፋ መረብ ይተካልና። ደግሞም አዋጁ የቀን ሥራን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ስለወሰነ፤ እንቅልፍ ያሸነፈውን ዘበኛ ከመቅጣት በፊት ስንት ሰዓት እንደቆመ መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም ጧት ጧት የዘበኞቹን መዝገብ ይመልከት፤ ከተጻፈው ነገር አጠገብም ምን እንዳደረገበት በእጁ ይጻፍ። መልስ ያገኘ ዘበኛ በማግሥቱ አብልጦ ያያል።