የልጆቻችን ሰርቪስ፦ ከስፖንጁ በፊት ማርሚታው ይታይ



አንድ አባት ልጁን ይዞ መጣ። ልጁ ጠዋት ትምህርት ቤት ሲደርስ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ቅዳሜና እሁድ ግን ምንም የለበትም። ቤት ውስጥ «ትምህርት ጠልቶ ነው» ተብሎ ተደምድሞ ነበር።

ስለ ጉዞው ጠየቅኩ። ከየካ ዳገታማ ሰፈሮች ከአንዱ ተነስቶ፣ ሰርቪሱ ሌሎች ልጆችን እየለቀመ አንድ ሰዓት ያህል ይሄዳል። የሚቀመጠው ከኋላ ነው። መኪናዋ የዕቃ መጫኛ የነበረች፣ በኋላ ወንበር የተገጠመላት ቫን ናት። አባትየው ግን «ባለቤቱ ጎበዝ ነው፤ ብርድና ጩኸት እንዳይገባ ውስጧን በሙሉ ስፖንጅ አልብሷታል» አለኝ።

ወላጆች ተነጋግረው መካኒክ ሲያሳዩ፣ የኋለኛው ወንበር ስር ያለው ወለል በዝገት ተበስቷል፤ ማርሚታውም ተሰንጥቋል። ሁለቱም ተበየዱ። የልጁ ራስ ምታትም ቆመ። በደም ምርመራ አላረጋገጥኩም፤ ከጉዞው በኋላ ብዙ ሰዓት አልፎ ነበር። የጠረጠርኩት ግን ካርቦን ሞኖክሳይድን ነው። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም።

የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የሰርቪስ መኪና ጸጥ ያለና ሞቃት መሆን አለበት፤ ነገር ግን ቀዳዳው ሳይደፈን የሚለጠፍ ስፖንጅ ችግሩን ይሸፍናል እንጂ አይፈታም።

ዕቃ ለመጫን የተሠራ ቫን ግድግዳው ባዶ ላሜራ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ላሜራው እንደ ከበሮ ይመታል። በአብዛኞቹ ሚኒባሶቻችን ደግሞ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ስር ነው። የክዳኑ ዙሪያ ላስቲክ ካረጀ ጩኸቱም፣ ሙቀቱም፣ ሽታውም ወደ ውስጥ ይገባል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ወደ እንጦጦ የሚወጡ ዳገቶችን አስቡ፦ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ሲወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጭሱም ይበዛል። ብርዱ ስላለ መስኮቱ ሁሉ ይዘጋል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ያችኑ ያለችውን ኦክስጅን ከደም ውስጥ ቦታዋን ይነጥቃታል።

ጩኸቱም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በመሣሪያ ሙዚቃ ለሚሰሙ ልጆች ያስቀመጠው ልክ 75 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት በሳምንት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። አጠገባችሁ ለተቀመጠ ሰው ለመናገር መጮኽ ካስፈለጋችሁ፣ 85 ዴሲቤል አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ናችሁ። ሾፌሩ ግን የሞተሩን ጩኸት ለመሸፈን ቴፑን ከፍ ያደርጋል። «ጆሮ ይለምዳል» ይባላል። አይለምድም፤ የሞተ የጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም።

ስለዚህ ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፦

1. ማርሚታው፣ የወለሉ ቀዳዳ፣ የሞተር ክዳኑና የበሮቹ ላስቲክ መጀመሪያ ይጠገኑ። ጩኸቱም ጭሱም አብሮ ይቀንሳል።

2. ቀጥሎ ላሜራው ላይ ንዝረት የሚገታ፣ ከባድና ተለጣፊ የጎማ ንጣፍ ይለጠፍ። ሁሉንም መሸፈን አያስፈልግም፤ የሰፊው ላሜራ መሃል ይበቃል። ይህ ግን ብርድ አይከለክልም።

3. ለብርዱና ለቀሪው ድምፅ ውሃ የማይመጥና እሳት የማያቀጣጥል ንጣፍ ይደረግ። የፍራሽ ስፖንጅ አይሁን። የልጆቹ ትንፋሽ ቀዝቃዛ ላሜራ ላይ ውሃ ይሆናል፤ ስፖንጁ ይመጠዋል። ከዚያ ሻጋታ ይመጣል፤ አስም ላለበት ልጅ ይህ ጠላት ነው። ላሜራውም ከውስጥ ይዝጋል። እሳት ቢነሳ ደግሞ ስፖንጅ በፍጥነት ይነዳል፣ ጭሱም መርዛም ነው።

4. በብርድም ቢሆን የፊት መስኮት ትንሽ ይከፈት። የኋላ በር ከፍቶ መሄድ ግን የማርሚታውን ጭስ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል።

«ዋጋው በእኛ ላይ ይጨመራል» የሚል ወላጅ እንዳለ አውቃለሁ። ስጋቱ ትክክል ነው፤ የሰርቪስ ክፍያ አሁንም ከባድ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው ተራ ብየዳና ላስቲክ ነው፤ በወላጆች ሲካፈል ይቻላል። ቴፕ መቀነስ ደግሞ በነጻ ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ለማርሚታው ይዋል።

ልጃችሁ መኪና ውስጥ ብቻ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ካቅለሸለሸው፣ በተለይ ሌሎች ልጆችም እንዲሁ ካሉ፣ መኪናዋ እስክትታይ አታሳፍሩት። ልጁ ከደነዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጥታችሁ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ፍጠኑ፤ «መኪና ውስጥ ነው የጀመረው» በሉ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ መመረዝ ጊዜ ጤነኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላልና እሱን ብቻ አይታችሁ አትዘናጉ።

ነገ ጠዋት ልጃችሁን ስታሳፍሩ አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ሞተሩ እየሠራ አዳምጡ፣ አሽትቱ፣ ወለሉን እዩ። ከሾፌሩም ጋር በአክብሮት ተነጋገሩ፤ እሱም ቀኑን ሙሉ የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነው።

ለሌሎች ወላጆችም አጋሩ። ጤና ይብዛላችሁ።